አራተኛው ጣሳ

ቢቸና፣ ሐሙስ መጋቢት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለይርጋነሽ
ሞጣ

ይርጌ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሳሉስ ለቀቀሽ? ሐምዱ ሳል ይዟታል ብሎኝ ነው መጠየቄ። እኔ ደኅና ነኝ እንዳልል ዛሬ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ታምሜያለሁ እንዳልልም ይህ ነው ብዬ የማሳየው ሕመም የለኝም። መቀመጥ ነው ያቃተኝ። ቤት ገብቼ ወዲያው እወጣለሁ፤ መሥሪያ ቤት ሄጄ መዝገብ ከፍቼ እዘጋለሁ፤ ገበያ ዞሬ ምንም ሳልገዛ እመለሳለሁ። ይህንንም የምጽፍልሽ እህል ተራ፣ ከሐምዱ የጭነት መኪና አጠገብ፣ የጤፍ ኬሻ ላይ ተቀምጬ ነው። መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ሞጣ ይነሣል፤ አሁን አራት ሆኗል። ተሸካሚዎቹ የተቀመጥሁበትን ኬሻ ሊያነሡ በመጡ ቁጥር እየተነሣሁ ሌላው ላይ እቀመጣለሁና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

አንቺ ራስሽ እንደምታነቢው የሰማሁት ገና ዛሬ ጠዋት ነው። ሐምዱ ከመኪናው እንደ ወረደ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «ይርጋነሽ እኮ መሠረተ ትምህርቱን ጨርሳ የምስክር ወረቀት ተቀበለች! የሱቄን ታፔላ ቆማ አነበበችልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ላብ አጠመቀኝ። እስከ ዛሬ የላክሁልሽን ሦስት ደብዳቤ ያነበቡልሽ ወንድምሽ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ናቸው። እኔም ይህን እያወቅሁ ለእሳቸው ጆሮ ነበር የምጽፈው። ቅኔ ቤቱን ከመንገድ አቋርጬ መውጣቴን መቼም አይረሱልኝም፤ ያላቋረጥሁ ለመምሰል ቃል ስከምር፣ ሐረግ ስመዝ፣ አንዱን ገጽ በናፍቆት ወንዝ፣ ሌላውን በልቤ ደብር ስሞላ ኖርሁ። አንቺ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ ምን አገኘሽ? ምንም። እኔም ስጽፈው ምንም እንደሌለበት አውቅ ነበር።

ሐምዱ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው የፊታችን እሑድ፣ በሚካኤል ዕለት፣ መሪጌታ ቤት ሽማግሌ እንደሚቀመጥና የፍቺያችን ወረቀት እንደሚፈረም ነው። «ልጅ የላቸው፤ የሚካፈሉት ዕቃ ብቻ ነው፤ ከምሳ በፊት ያልቃል» ብለዋል አሉ መሪጌታ። ከምሳ በፊት! የአሥራ አራት ዓመት ትዳር! ሁለተኛውን ነገር ቆይቼ እነግርሻለሁ።

በመጀመሪያ ያን የቀማሽነት ጣጣ ከሥሩ ላንሣው፤ እንዴት ያለ ነገር እንደያዘኝ ለራሴም ገና አሁን ነው የገባኝ። አዲስ አበባ ለመዝገብ ቤት ሥልጠና የተላክሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል። አንድ ቅዳሜ ቢራ ፋብሪካ አስጎበኙን። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ አለ፤ ሥራው ቢራ መቅመስ ነው። ለዚህ ደመወዝ ይቀበላል እኮ! ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየ፣ አሸተተ፣ ጎንጨት አድርጎ አፉ ውስጥ አንከባለለው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ፣ «መግቢያው ልዝብ ነው፤ መኻሉ ሰፊ፤ ምሬቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ነገር ግን በክብር ይመጣል» አለ። በክብር! እኔ ስቀምሰው ቢራ ቢራ ነው ያለኝ። ንግግሩ ግን አሰከረኝ። ቅኔ ቤት ጥዬው የወጣሁት ሁሉ በብርጭቆ ተቀድቶ የመጣልኝ መሰለኝ።

ቢቸና ስመለስ ያ ሰውዬ አብሮኝ ተመለሰ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንዱ ጠላ ቤት አንዱ ጠላ ቤት እየዞርሁ ጣሳ ወደ ብርሃን ማንሣት ጀመርሁ። የውበቴን ጠላ፣ «ጌሾውና ብቅሉ ተጣልተው በሽማግሌ የታረቁበት» አልሁት። የሰብለ ወንጌልን፣ «አረፋው እንደ ዳኛ ተሰይሞ ይቀመጣል፤ አተላው ይግባኝ ይላል» አልሁት። ያልተጣራ ጉሽ ሲያቀርቡልኝ፣ «ገና ወጣት፣ ችኩል፣ ግን ተስፋ የሚጣልበት» እላለሁ። ያን ውሃ ውሃ የሚለውን ቅራሪ እንኳ፣ «ትሑት፤ ራሱን ከፍ ከፍ የማያደርግ» ብዬ አመሰገንሁት። ሰዉ ይስቃል፣ ይወደዋል፤ አዲስ ጋን በተከፈተ ቁጥር «አካለ ወልድ ምን አለ?» ይባባላል። እኔም እውነት አንድ ነገር ያልሁ ይመስለኝ ነበር።

አንቺ ብቻ ነበርሽ የማትስቂው። «ምነው፣ ተጠጣ ወይስ ተቀደሰ?» ትይኝ ነበር ከበር ስገባ። አንድ ማታ ደግሞ እራት አቅርበሽልኝ ከጠላሽ ስትቀጂ፣ እንደ ልማድሽ በመዳፍሽ ጠብ አድርገሽ ቀመስሽና ጣሳውን ይዘሽ ቆምሽ። «የሰው ጠላ ስትቀምስ አፍህ አይዘጋም፤ የኔን ስትጠጣ ምነው ዲዳ ትሆናለህ? አንድ ቀን ብቻ ጥሩ ነው በለኝ። ሌላ አልፈልግም» አልሽኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ጣሳውን ተቀብዬ ጨለጥሁና ድገሚኝ ብዬ ዘረጋሁልሽ። መልስ የሰጠሁ መስሎኝ። «ጥሩ ነው» ማለት ደግሞ ማንም የሚለው ነገር ነው፤ እንደኔ ላለ ሰው አይመጥንም ብዬ ነበር። እግዜር ያሳይሽ!

ሐምዱ አሁን ወደ እኔ አየት አድርጎ ሄደ። ምን ይህን ያህል ይጽፋል ሳይለኝ አይቀርም። ልቀጥል።

የነሐሴውን ነገር አንቺ ከበሩ አጠገብ ቆመሽ ነው ያየሽው፤ ከጠረጴዛው ጀርባ የነበረውን ግን አላየሽም። ለመስከረም ሁለት በዓል ከደብረ ማርቆስ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ፣ ጠላ የሚያቀርቡ ሦስት ቤቶች በውድድር ይመረጡ ሲባል እኔ ቀማሽም ጸሐፊም ሆኜ ተመደብሁ። ሰባት ጣሳ ተደረደረ፤ በላያቸው ቁጥር እንጂ ስም የለም። ከመጀመራችን በፊት የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ፋንታ ወደ ጓሮ ወሰደኝና፣ «ጓድ አካለ ወልድ፣ ባለቤትህ ተወዳዳሪ ናት። በዘመድ ሠራ እንዳይባል። ብዙ ዓይን ያየናል» አለኝ። ሌላ አላለም። ያ ንግግሩ ሆዴ ገብቶ ተቀመጠ። ዘመኑን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በደብዳቤ አይጻፍም።

ደግሞ አስተያየቱ ሁሉ ከአብዮቱ አንጻር ይሁን ተባለ። ጠላ ከአብዮት አንጻር! እኔ ግን ምን ገዶኝ፤ ቃል ይሁን እንጂ ከየትም ይምጣ። የመጀመሪያውን ጣሳ «ተራማጅ አረፋ ያለው» አልሁት፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሁለተኛውን «የንዑስ ከበርቴ ወላዋይነት የሚታይበት፤ ጣፋጭ ልሁን ወይስ መራራ እያለ የሚያመነታ» አልሁት፤ ሳቁ በረታ። ሦስተኛው ላይ ፋንታ ራሱ ሳቀ። አራተኛውን አነሣሁ፣ አሸተትሁ፣ ቀመስሁ፣ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ከዚያ ያልሁትን አንቺ ከኔ በላይ ታስታውሺዋለሽ። «ጢሱ ያለፈበት፤ የአሮጌውን ሥርዓት ጎጆ ጎጆ የሚሸት፤ ለአዲሱ ሰው የማይመጥን አድኃሪ ጠላ።» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ስሞቹ ሲነበቡ፣ «አራተኛው ጣሳ፣ ጓድ ይርጋነሽ» ተባለ። ነጠላሽን አፍንጫሽ ድረስ ስበሽ ስትወጪ አየሁሽ።

ከኋላሽ ተከትዬ እየሮጥሁ ቤት ገባሁ። አላለቀስሽም፣ አልተሳደብሽም። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ቆመሽ፣ «አላወቅኸውም?» አልሽኝ። እኔም፣ «ቁጥር ነው እኮ ያለው፤ በምን አውቀዋለሁ?» አልሁሽ። «አላወቅኸውም» አልሽ እንደገና፤ ያን ጊዜ ግን እየጠየቅሽኝ አልነበረም። ከዚያ በጋኑ ያለውን ጠላ ጓሮ አፈሰስሽው፣ ጋኑን አጠብሽው፣ በአፉ ደፋሽው። በማግስቱ የሞጣን አውቶቡስ ያዝሽ። «ሞጣን እንዳትረግጥ» ብለሽ የላክሽብኝ ከሳምንት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ኑሮዬን ምን ብዬ ልንገርሽ? ጠላ ቤት መሄድ ተውሁ። ብሄድም ጣሳ ስይዝ ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያየኛል፤ የምለው ይጠፋኛል። በጥር እኔው ራሴ ልጥመቅ ብዬ ተነሣሁ፤ አትሳቂ። ጋንሽን አልነካሁም፤ በእንስራ ነው። እንኩሮውን አሳረርሁት፤ ጌሾውን ስንት ቀን እንደሚቆይ አላውቅ፣ ሲመረኝ ውሃ ስጨምር፣ ሲቀጥንብኝ ብቅል ስጨምር፣ ማታ ማታ እየተነሣሁ ክዳኑን ስከፍት ሰነበትሁ። ጎረቤታችን ወለተ ሐና መጥታ ቀመሰችና ፊቷን አጨማዳ፣ «እስቲ እንደ ልማድህ ስለዚህ አንድ ነገር በል» አለችኝ። አፌን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ። ለካ ያ ሁሉ ወሬ የሚመጣው እጅ ያለበትን ነገር ሲቀምሱ ነው።

በእነዚያ ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ነገር ብቻ ነበር ደጋግሜ የጻፍሁልሽ። በቁጥር ነበር፣ ስም አልነበረበትም፣ አላወቅሁትም፣ ባውቅማ እንዲህ እል ነበር ወይ። በዚህ ነጻ የምወጣ መስሎኝ ነበር። አሁን ሐምዱ የነገረኝን ሁለተኛውን ነገር ልጻፈው።

«እኔ በዕድሜዬ ጠላ ቀምሼ አላውቅም» አለኝ ሐምዱ፣ እዚሁ ኬሻው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ። «ነገር ግን የጀዋሂርን ወጥ ዓይኔን ጨፍናችሁ ከሃምሳ ቤት ወጥ መኻል ብታስቀምጡት እለየዋለሁ፤ የሚስቴ እጅ ነዋ! አንተ ደግሞ ቀማሽ ነኝ ትላለህ። እንዴት ሳታውቀው ቀረህ?» ቀጥሎም አንቺ ለጀዋሂር ያልሽውን ነገረኝ። «መስደቡንስ ይስደበኝ፤ ሰው ፊት ፈርቶም ይሆናል። አሥራ አራት ዓመት ከእጄ የጠጣ ሰው እጄን ካላወቀው ግን ምን ልሆን እመለሳለሁ?» ብለሻታል።

ይርጌ፣ ይህን ስሰማ ከኬሻው ተነሥቼ እህል ተራውን ሦስት ጊዜ ዞርሁ። ሐምዱ ያበድሁ መስሎት ተከተለኝ። ሰባት ወር ሙሉ ጋሻዬ ነው ብዬ የያዝሁት ውሸት ለካ አንቺን የሚወጋው እሱ ኖሯል!

አውቄው ነበር።

ጣሳው አፌ ሳይደርስ ነው ያወቅሁት። ቢቸና ያለ ጠማቂ ሁሉ ጋኑን በወይራ ነው የሚያጥነው። ወይራው ላይ ጥንጁት የምትጨምሪ አንቺ ብቻ ነሽ፤ እናትሽ ሞጣ ያስተማሩሽ። ያ ሽታ ሲመጣብኝ ቤቴ የገባሁ፣ ጫማዬን ያወለቅሁ፣ አንቺ ከጓዳ «መጣህ?» ያልሽኝ መሰለኝ። ደነገጥሁ። ፊቴ ላይ እንዳይታይብኝ ቀና ስል ፋንታ ትክ ብሎ ያየኛል። ስቀምሰው ደግሞ ከሰባቱ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ሆነብኝ። ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የፈራሁት። አንደኛ ብለው ሚስቱን ነው ይሉኛል፤ ሁለተኛ ብለውም ይሉኛል። ስለዚህ ከሁሉ አሳነስሁት።

ፈርቼ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አላፍርም ነበር፤ በዚህ ዘመን ያልፈራ ማን አለ። የሚያሳፍረኝን ደግሞ ልንገርሽ፤ አንዴ ከጀመርሁ። ሰዉ ሲስቅ ደስ አለኝ። «ጢሱ ያለፈበት» የሚለው ቃል አፌ ላይ ሲመጣ አማረልኝ። የማን ጢስ እንደሆነ እያወቅሁ፣ እናትሽን እያወቅሁ፣ አንቺ ከበሩ አጠገብ ቆመሽ እያየሁሽ፣ ቃሉ ስላማረኝ ተናገርሁት። ይህን ለንስሓ አባቴም አልነገርሁም።

ዛሬ ጠዋት፣ ሐምዱ ይህን ከነገረኝ በኋላ፣ ቀበሌ ሄድሁ። የቃለ ጉባኤው መዝገብ እኔው ዘንድ አይደል? የነሐሴውን ገጽ ገልጬ የአራተኛውን ጣሳ አስተያየት ሰረዝሁት። ከጎኑ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ይህ ሐሰት ነው። ቀማሹ የማን ጠላ እንደሆነ እያወቀ የተናገረው ነው። ከሰባቱ የሚበልጠው ይህ ነበር። አካለ ወልድ።» ፈረምሁ፤ ቀኑን ጻፍሁ፤ ማኅተምም መታሁበት። ማኅተሙ እንኳ ትንሽ የበዛ ነገር ነው። ሰኞ ስብሰባ አለ፤ ፋንታ መዝገቡን ሲገልጥ ምን እንደሚል እንጃ። ሰነድ ሰረዝህ ብሎ ግለ ሂስ አድርግ ቢለኝ ሕዝቡ ፊት ቆሜ አደርጋለሁ፤ የምናገረው እንደሆነ አላጣም። ከዚያ ያለፈ ነገር ካመጣብኝ ደግሞ ያምጣው። ብቻ ሰኞ ከመድረሱ በፊት እሑድን ላግኛት። ከጠዋት ጀምሮ አላስቀምጥ ያለኝ ይኸው ነው።

እሑድ እመጣለሁ። እንዳትረግጥ ማለትሽን አልረሳሁም፤ ይህን አንዴ ተላልፌ ልርገጥ። መሪጌታና ሽማግሌዎቹ ፊት አሁን የጻፍሁልሽን በአፌ እናገረዋለሁ፤ ሳላሳምር። ከዚያ በኋላ ፈርም ካልሽኝ እፈርማለሁ፤ ከምሳ በፊት ያልቃል። ዕቃውንም ሁሉንም ውሰጂ፤ እኔ የምፈልገው ዕቃ የለም። አለማወቅ ይቅር የሚባል ከሆነ አውቆ ማጥፋት ደግሞ ምን እንደሚባል አላውቅም። ምናልባት ከፊቱ ይብስብሽ ይሆናል። ቢብስም እንኳ እጅሽን አላወቀም ብለሽ እንድትኖሪ አልፈልግም። እጅሽን አውቀዋለሁ ይርጌ። ዓይኔን ቢያጠፉትም አውቀዋለሁ።

ጋንሽ አንቺ እንደደፋሽው አለ፤ አቧራውን እጠርግለታለሁ እንጂ አላቃናሁትም። ባለፈው ሳምንት ከወንዝ ማዶ ጥንጁት ቆርጬ አምጥቼ ጓዳው ጣሪያ ሥር ሰቅየዋለሁ፤ ደርቋል። ለምን እንዳመጣሁት አትጠይቂኝ፤ እጄ ሥራ ፈትቶ ነው።

ሐምዱ ጡሩምባ እየነፋ ነው። ኬሻው ሁሉ ተጭኖ አልቆ እኔ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ጠላ ስለማይጠጣ ብርዝ አቅርቤ አንድ ቀን ቤታችን ልጋብዘው ቃል ገብቼለታለሁ፤ ማን እንደሚበርዝልኝ ግን አላውቅም። መሪጌታን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አትስጫቸው፤ ለአንቺ ብቻ ነው። የእናትሽ አምላክ ሳልሽን ይንቀልልሽ፤ ሚካኤል እሑድ እስክንገናኝ ከፊት ከኋላሽ ይሁን።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ማታ ጣሳ ይዘሽ ቆመሽ የለመንሽኝን፣ አሥራ አራት ዓመት የነፈግሁሽን። ገና ፊደል ለለመደ ዓይን እንዳያስቸግርሽ አጉልቼ፣ እየለያየሁ ጻፍሁልሽ፤ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው።

ጥ ሩ ፡ ነ ው ።

ባልሽ
አካለ ወልድ